ሜዲኬይድና ፉድ ስታምፕ ሲቆረጥ የሚነካው የኛን ቤት ነው፣ ወላጆቹን አሜሪካ ያመጣ ሁሉ ይግባና እንነጋገር

ማታ_ሺፍት (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ክር የምከፍተው የኛ ሰው ስለዚህ ነገር ሲያወራ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ ስለሚያወራ ነው። ጁላይ 4/2025 የተፈረመው ሕግ ሜዲኬይድን (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ) በአስር ዓመት ውስጥ ወደ 900 ቢሊዮን ዶላር፣ ፉድ ስታምፕን (የምግብ መግዣ ድጎማውን) ደግሞ ወደ 186 ቢሊዮን ዶላር ይቀንሰዋል። የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ ባወጣው ስሌት እስከ 2034 ድረስ ተጨማሪ 10 ሚሊዮን ሰው ያለ ኢንሹራንስ ይቀራል። ማኅበር ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት የምሰማው ግን አንድ አይነት ነገር ነው፣ "ይቆረጥ እንጂ፣ እኛ ሁለት ስራ እየሰራን ሌላው ተጋድሞ ይበላል" ይባላል። ይሄን የሚለው ሰው እኮ እናቱ ጠዋት ጠዋት ቫን እየመጣ ወስዷቸው አደልት ደይ ኬር (የአዛውንቶች የቀን መዋያ) የሚውሉት በሜዲኬይድ ነው፣ ሚስቱም ሆም ኬር (ሰው በየቤቱ መንከባከብ) እየሰራች የምታመጣው ደሞዝ ኤጀንሲው ከሜዲኬይድ ከሚቀበለው ላይ ነው!

እኔ ሆም ሄልዝ ኤይድ ነኝ፣ እናቴም ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ስለዚህ በሁለት በኩል ነው የሚነካኝ። እዚህ አገር ሆም ኬር ከሚሰራው ሰው ከሶስት አንዱ ገደማ ስደተኛ ነው፣ ከኛ ሴቶች ውስጥ ደግሞ በዚህ ስራ ያላለፈች ማግኘት ይከብዳል። እናንተ ምን ትላላችሁ? የምትቃወሙኝም ግቡ፣ ግን ስድብ አይኑር።

አገር_አቋራጭ (ቨርጂኒያ)
እህቴ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔ ይቆረጥ ከሚሉት አንዱ ነኝ፣ አልደብቅም። ትራክ ነው የምነዳው፣ ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ ልጆቼን በቪዲዮ ነው የማያቸው፣ ኦውነር ኦፕሬተር (የራሴ ትራክ ያለኝ) ስለሆንኩ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክሱን የሰራተኛውንም የአሰሪውንም ድርሻ እኔው ነኝ የምከፍለው፣ 15.3 ከመቶ። የአገሩ ዕዳ ከ38 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል። ይሄ ዕዳ የማን ነው? የልጆቼ ነው። አዲሱ ሕግ ጤነኛ የሆነ ሰው፣ ገና ያላረጀ ሰው፣ ሜዲኬይድ እንዲያገኝ በወር 80 ሰዓት ስራ ወይ ተማር ወይ በጎ ፈቃድ አገልግል ማለት ምኑ ነው ጭካኔው? በሳምንት 20 ሰዓት እኮ ነው። እኛ ስንመጣ ማንም እጁን ዘርግቶ አልጠበቀንም፣ በመጣን በሳምንቱ ስራ ገባን። ሽማግሌና በሽተኛ ይረዳ፣ በዛ ጠብ የለኝም፣ ግን ሁሉንም በአንድ ላይ አትጠቅልሉት።

ማታ_ሺፍት
ወንድሜ ልፋትህን አከብራለሁ። ግን ችግሩ 80 ሰዓቱ አይደለም፣ ወረቀቱ ነው። አርካንሳስ በ2018 ይሄንኑ ሞክራው በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሺህ የሚሆን ሰው ሜዲኬይዱን አጣ፣ በ2019 ፍርድ ቤት ነው ያስቆመው። ኋላ ሲጠና አብዛኛው ወይ እየሰራ የነበረ ነው ወይ ደግሞ ከግዴታው ነፃ መሆን የሚገባው ነበር፣ ሪፖርት ማስገባቱ ግራ ገብቶት ወይም ነገሩን ጭራሽ ሳይሰማ ነው የተሰረዘው። አሁን ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 2027 ድረስ ሜዲኬይድን ለተጨማሪ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ያሰፉ ስቴቶች በሙሉ ይጀምሩታል። በሊፍት መተግበሪያ ታክሲ የሚነዳው፣ ሬስቶራንት የሚሰራው፣ ሰዓቱ በየሳምንቱ የሚቀያየረው የኛ ልጅ ይሄን በየጊዜው እያስመዘገበ መኖሩ ነው?

"እናቴ 65 አልፋለች፣ የስራ ግዴታው አይነካትም" የምትሉ ደግሞ እስቲ ይሄን አንብቡ፣ ብዙ ሰው የማያየው እዚህ ጋ ነው። በሜዲኬይድ ሕግ ነርሲንግ ሆም (አዛውንትና በሽተኛ ገብቶ የሚኖርበት መንከባከቢያ) ግዴታ ነው፣ ስቴቱ ወደደም ጠላም ይከፍላል። ቤት ውስጥ የሚሰጠው እንክብካቤ ግን አብዛኛው ለስቴቱ ፈቃድ የተተወ ነው። ከፌደራል የሚመጣው ገንዘብ ሲያንስ ስቴቱ መጀመሪያ እጁን የሚያስገባው ያልተገደደበት ነገር ውስጥ ነው። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላም ብዙ ስቴቶች ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ስለዚህ "ለጤነኛ ወጣት ነው" ተብሎ የወጣ ቁረጣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አልጋ ላይ ያለችው እናት ላይ ነው። አንተ ሽማግሌ ይረዳ አልክ፣ ሽማግሌው የሚረዳበት ገንዘብ ግን ከዛው ቋት ነው የሚቀዳው።

ኬዝ_ወርከሯ (ሜሪላንድ)
ሰው አራት ነገር እያምታታ ስለሆነ ልግባ፣ ስራዬ ስለሆነ። ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ሰርተህ የከፈልክበት ነው፣ 40 ክሬዲት ማለትም የ10 ዓመት ስራ ይጠይቃል። ሜዲኬር 65 ሲሞላ የሚመጣ የጤና ኢንሹራንስ ነው፣ ፓርት ኤው (የሆስፒታሉ ክፍል) በነፃ የሚሆነው ግን በዛው በ40 ክሬዲት ነው። ያ የሌለው ሰው በግሪን ካርድ 5 ዓመት ከኖረ መግዛት ይችላል፣ ግን ፓርት ኤው ብቻ በወር ከ500 ዶላር በላይ ነው፣ ፓርት ቢው (የሀኪም ቤት ክፍሉ) 200 ገደማ ይጨመርበታል። ኤስ ኤስ አይ ደግሞ ገቢና ንብረት ለሌለው አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ነው፣ በ2026 ከፍተኛው ለአንድ ሰው 994 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 1,491። ልጁ ቤት እየኖረ ምግቡንም መጠለያውንም ልጁ ከቻለው ሲሶው ይቀነሳል።

አሁን ዋናው፣ ሜዲኬር ለሚያጥብ፣ ለሚያለብስ፣ ለሚያጎርስ ሰው ለረጅም ጊዜ አይከፍልም። አይከፍልም! ይሄን ስንት ሰው እንደማያውቅ ብታዩ። ያንን የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው።

የኛ ወላጆች ላይ መቆረጥ የተጀመረው ደግሞ ዛሬ አይደለም። በ1996 ክሊንተን የፈረመው ሕግ ነው በግሪን ካርድ የመጡትን ከኤስ ኤስ አይ ያስወጣቸው፣ በ68 ዓመታቸው የመጡ አባት 40 ክሬዲት ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ ያላቸው መንገድ ሲቲዝን መሆን ነው። ላይብረሪ ውስጥ መነፅራቸውን አድርገው ስለ ኮንስቲትዩሽን የሚያጠኑ እናቶች የምታዩት ለዛ ነው። የሲቲዝንነት ፈተናውም ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ላመለከተ ሰው ጥያቄው 128 ሆኗል፣ 20 ተጠይቀው 12 መመለስ አለባቸው፣ በአማርኛ ለመፈተን ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይ ከ55 በላይ ሆኖ 15 ዓመት በግሪን ካርድ መቆየት ያስፈልጋል። በ68 የመጣ ሰው 83 ዓመቱ ነው ያኔ። ሀኪም የሚሞላው ኤን-648 የሚባል ፎርም አለ፣ በሕመም ምክንያት መማር ለማይችል፣ እሱም በቀላሉ አያልፍም።

ኮድ_ፀሐፊው (ቴክሳስ)
እኔ ደግሞ ከወጣቱ በኩል ልናገር። 29 ዓመቴ ነው፣ እያንዳንዱ ፔይ ቼክ ላይ 6.2 ከመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ይሄዳል። የሶሻል ሴኩሪቲ ፈንዱን የሚቆጣጠሩት ትረስቲዎች የ2025 ሪፖርት የጡረታው ፈንድ በ2033 ያልቃል ይላል። በ1960 ለአንድ ጡረተኛ 5 ሰራተኛ ነበር የሚከፍለው፣ አሁን 2.7 ነው። የቤቢ ቡመሩ (ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው) ትውልድ በሙሉ በ2030 ከ65 በላይ ይሆናል። እንግዲህ እኔ 67 ሲሞላኝ ምን ይቀርልኛል? አዛውንቶችን እወዳለሁ፣ አያቴን ያሳደገችኝን እወዳለሁ፣ ግን ማንም ፖለቲከኛ ሒሳቡን አይነካም ምክንያቱም ሽማግሌው ነው ድምፅ የሚሰጠው። ትንሽ ዛሬ መቀነስ ይሻላል ነገ ሁሉም ከሚቀር። ይሄን ማለት ክፋት ነው?

ኬዝ_ወርከሯ
ክፋት አይደለም፣ ግን ያልቃል ሲባል ባዶ ይሆናል ማለት አይደለም። የሚያልቀው የተጠራቀመው ነው። በየወሩ ከሰራተኛ የሚገባው ስለማይቆም በ2033 ምንም ካልተደረገ 77 ከመቶው መከፈሉን ይቀጥላል። 23 ከመቶ መቀነስ ለአንድ ጡረተኛ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የለም ማለት ሌላ ነው። ደግሞ ያንን 6.2 የምትከፍለው በ2026 እስከ 184,500 ዶላር ገቢ ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ያለው አይነካም። 184,500 የሚያገኝ ነርስና አስር ሚሊዮን የሚያገኝ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲ የሚከፍሉት እኩል ነው። መቁረጥ ከማለታችን በፊት እሱን ጣሪያ ማንሳት ለምን አይወራም? በ1983 ሲቸግር ሬገንና ኮንግረሱ ተስማምተው አስተካክለውታል፣ የጡረታ እድሜው ወደ 67 የወጣው ያኔ በወጣው ሕግ ነው፣ ታክሱም ቶሎ እንዲያድግ ተደርጓል። ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ቀመሰ።

የሰራተኛው ቁጥር ካነሰ ደግሞ ሰራተኛ ማስገባት ነው መፍትሔው። በአንድ በኩል ስደተኛ አይግባ፣ በሌላ በኩል ጡረታ የሚከፍል ወጣት የለም። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

የ82ቱ_ስደተኛ (ዋሽንግተን ዲሲ)
ልጆቼ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ በሱዳን በኩል በ1982 ነው የመጣሁት። ዲሲ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ ኋላም ሆቴል፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰርቻለሁ። አሁን ጡረታዬ ይመጣል፣ ባለቤቴ ከኋላ ስለመጣች የራሷ 40 ክሬዲት አልሞላም ግን በኔ ስራ ላይ ድርሻዋን ታገኛለች፣ ሜዲኬሯም በኔ ነው። ተመስገን ነው።

ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ጡረታው ልጅ ነበር። ገበሬ ምን ጡረታ አለው? ልጅ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ እድር ነው። እዚህ ግን ልጁ ሁለት ሺፍት ካልሰራ ቤቱን አይከፍልም፣ ምራቲቱም ትሰራለች፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ሽማግሌው ብቻውን ነው፣ በመስኮት የቆሙ መኪኖች እያየ። ስልክ ደውለው አልቅሰው የሚነግሩኝ ጓደኞች አሉኝ። ልጆቻቸው ክፉ ሆነው አይደለም። ቤቱ ባዶ ስለሚውል ነው። ያ አደልት ደይ ኬር የምትሉት ቦታ ለነሱ ሕክምና ብቻ አይደለም፣ የሚያወሩት ሰው የሚያገኙበት ነው፣ በአማርኛ ደህና አደሩ የሚላቸው ሰው አለ፣ ምሳ አለ፣ የደም ግፊታቸው ይለካል። ያንን መዝጋት ሰውን በቁሙ መቅበር ነው። እኔ የከፈልኩት ታክስ ለሱ ከዋለ ደስ ይለኛል።

አገር_አቋራጭ
ጋሼ ይኑሩልን፣ እርስዎ የሚሉትን ለመቃወም አንደበት የለኝም። የእርስዎ ግን የሰሩበት ነው፣ መብትዎ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፣ እና ማንም እዚህ አላነሳውም። ወላጆቻችንን ስናመጣ አይ-864 የሚባለውን የስፖንሰር ፎርም ፈርመናል። እኔም ለእናቴ ፈርሜያለሁ። ገቢያችን ከድህነት መስመሩ 125 ከመቶ በላይ መሆኑን አሳይተን፣ መንግስት ላይ ሸክም አይሆኑም ብለን ነው ፊርማችንን ያኖርነው። ታዲያ ፈርመን ካመጣን በኋላ መንግስት ይንከባከብልን ማለት እንዴት ይሆናል? ቃል ቃል ነው። አሜሪካኖቹ ሲናደዱ እውነት አላቸው እኮ።

ማታ_ሺፍት
ይሄ ጥያቄ ተገቢ ነው፣ ሳልሸሽ ልመልስ። አዎ ፈርመናል። ፊርማው የሚቆየው ሲቲዝን እስኪሆኑ ወይ 40 ክሬዲት እስኪሞላ ነው፣ ሕጉ ራሱ ነው ያንን ድንበር ያበጀው። እናቴ ሲቲዝን እስክትሆን ምግቧን፣ ቤቷን፣ መድሃኒቷን እኔና ወንድሜ ነን የቻልነው፣ ከመንግስት ሳንቲም አልወሰድንም። አሁንም ቢሆን ምግብና ቤት አይደለም ያቃተኝ።

ያቃተኝን ልንገርህ። እናቴ ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) አለባት። እንግሊዝኛው ከነጭራሹ ጠፍቷል፣ አማርኛውም ወደ ልጅነቷ ወደ ጎጃም ተመልሷል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሳና ነጠላዋን መስቀልያ ለብሳ ኪዳን ረፈደብኝ ብላ በሩን ትታገላለች፣ በሩ ላይ ደወል አስገጥመናል። ምድጃው እንዳይበራ መክፈቻውን ነቅለን ደብቀናል። መድሃኒቷ በሰባት ቀን ሳጥን ተደርድሮ ነው፣ ካላየኋት የማክሰኞውን በሰኞ ትውጠዋለች። ይሄ ሰው ለአንዲት ሰዓት ብቻውን አይቀመጥም። አንድ ዓመት ያህል እኔ ማታ ወንድሜ ቀን እየሰራን ስንቀያየር ኖርን፣ ሁለታችንም ታመምን። በኋላ ሜዲኬይዱ በሳምንት 40 ሰዓት ሰው ፈቀደ። አሁን በቅርቡ ድጋሚ ግምገማ ተደርጎ 25 ሰዓት ነው ተባልን። ምን ተሻላት? ምንም። የባሰባት ነች።

አሁን ሒሳቡን አንተው ስራው። እኔ ስራዬን ብለቅ ታክስ መክፈሌን አቆማለሁ። ነርሲንግ ሆም ባስገባት በወር 9 ሺህ 10 ሺህ ዶላር ነው፣ እኔ ስለማልችለው ሜዲኬይዱ ነው የሚከፍለው፣ እሱ ደግሞ ግዴታ ነው አይቆረጥም። 15 ሰዓት ቀንሰው ያተረፉት ብር የት አለ? ደግሞ እዛ ማን ነው በአማርኛ የሚያናግራት፣ ምስር ወጥ የሚሰጣት፣ ጾም መሆኑን የሚያውቅላት? ቃል ቃል ነው ያልከው እውነት ነው፣ እኔ ቃሌን እየጠበቅሁ ነው፣ በአንድ ሰው አቅም ግን ሃያ አራት ሰዓት አይያዝም።

ቆይ_ይነጋል (ኮሎራዶ)
የኔ ጉዳይ ደግሞ ከሁላችሁም የተለየ ነው። ከናይሮቢ በስደተኛ ፕሮግራም ነው የመጣነው እኔና አባቴ፣ አባቴ 70 አልፎታል። በስደተኛነት የመጣ ሰው በፊት ወዲያው ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ ያገኝ ነበር፣ አዲሱ ሕግ ግን ስደተኛና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግሪን ካርድ እስኪይዝ ፉድ ስታምፕ አያገኝም አለ፣ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬይዱም እንደዛው። የግሪን ካርድ ማመልከቻችን ገብቷል፣ መልስ የለም። የፉድ ስታምፑ ደብዳቤ መጥቶ ተቋርጧል። እኔ ዌርሃውስ እሰራለሁ፣ እንበላለን፣ እሱ ችግር የለውም። የሚያስፈራኝ የአባቴ ዲያሊሲስ (ደሙ በማሽን የሚጣራበት) ነው። በሳምንት ሶስት ቀን ነው። እኛን ይሄው መንግስት ራሱ አጣርቶ፣ ኢንተርቪው አድርጎ፣ በአውሮፕላን ነው ያመጣን። ከመጣን በኋላ ሕጉ ተቀየረ። የ70 ዓመት የኩላሊት ሕመምተኛ ምን ስራ ይስራ ነው የሚባለው?

አገር_አቋራጭ
ወንድሜ ያንተ ነገር አሳዝኖኛል። እኔ በሕግ ተጣርቶ የመጣ በሽተኛ ሽማግሌ ይቆረጥ አላልኩም፣ አልልምም። ያ ትክክል አይደለም። እግዚአብሔር ይርዳችሁ።

ሚኒሶታ_ብርድ
ሁላችሁም አንድ ነገር እየዘለላችሁ ነው። ሌብነቱስ? እኛ ስቴት የተደረገውን ሰምታችኋል፣ ፊዲንግ አወር ፊውቸር በተባለው ድርጅት ብቻ የሕፃናት ምግብ ተብሎ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ነው ተበላ የተባለው፣ ከዛ በኋላ ደግሞ የቤት ድጋፍ ፕሮግራሙ፣ የኦቲዝም ፕሮግራሙ። ከኛም ማኅበረሰብ ውስጥ ያልሰራውን ሰዓት ፈርሞ የሚቀበል፣ ከኤጀንሲው ጋር ተካፍሎ የሚበላ ሰው እንዳለ የማታውቁ አስመስላችሁ አትፃፉ። ሌባው እየበላ ነው ትክክለኛው ሽማግሌ የሚቆረጠው። እኔ መጀመሪያ ይሄ ይፅዳ ባይ ነኝ፣ ከዛ ስለ በጀት እናውራ።

ማታ_ሺፍት
ሌባ ይታሰር፣ ሚኒሶታ ያለውም ሜሪላንድ ያለውም። ከኛ የሆነ ሌባ ደግሞ የበለጠ ያሳፍረኛል። ግን ልብ በል፣ ያ ሁሉ የሰረቀው ድርጅት ነው፣ ለመንግስት ሒሳብ የሚልከው ነው፣ አሮጊቷ አይደለችም። አሁን የወጣው ሕግ ግን ፎርም ሙሉ የሚለው ተረጂውን ነው። በዛ ላይ እኛ ሰራተኞቹ በር ላይ ስንደርስ በስልካችን ክሎክ ኢን እናደርጋለን (መግባታችንን እናስመዘግባለን)፣ ስልኩ የት እንዳለን ይመዘግባል፣ ስንወጣም እንደዛው። በ2016 በወጣ የፌደራል ሕግ ነው የተጀመረው። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሰራሁበት ሰዓት ሳይገባ ቀርቶ ከኤጀንሲው ጋር ስከራከር ከርሜያለሁ። ታማኟን እየተቆጣጠሯት ሌባው ግን በሌላ በር ይገባል፣ እሱን በር ይዝጉት፣ የሽማግሌውን ሰዓት ግን አይንኩ።

ሲያትል_ዝናብ
እኛ ጋ የተሞከረ ነገር አለ፣ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ ነው። ዋሽንግተን ስቴት "ደብሊው ኤ ኬርስ" የሚባል ፈንድ አቁሟል፣ ከደሞዝ ላይ 0.58 ከመቶ ይቆረጣል፣ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ደግሞ መመዘኛውን ያሟላ ሰው ራሱን መርዳት ሲያቅተው እስከ 36,500 ዶላር ድረስ ለእንክብካቤ ይወጣለታል፣ ሰው ለመቅጠር፣ ለባኞ ቤት መያዣ ለማስገጠም፣ ለሚንከባከበው ልጁ ለመክፈልም ይሆናል። መጀመሪያ ሲወጣ እኔ ራሴ ተቆጥቼ ነበር ሌላ ታክስ ብዬ። በኖቬምበር 2024 ግዴታነቱ ይቅር ወይስ ይቀጥል ተብሎ ድምፅ ተሰጠበት፣ ሕዝቡ ይቀጥል አለ። ገንዘቡ ለዓመታት አይበቃም፣ አውቃለሁ፣ ግን አንድ ቤተሰብ ሰው ወድቆ ከሆስፒታል ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ይይዛል። ሆም ኬር ሰራተኞቹም እዚህ ዩኒየን አላቸው፣ እናቱን የሚንከባከብ ልጅ በስቴቱ ተከፋይ ሆኖ ሰዓቱን ይሞላል። ሁሉን ከዲሲ መጠበቅ የለብንም።

ኮድ_ፀሐፊው
ለእንደዚህ አይነቱ እከፍላለሁ፣ ምክንያቱም የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ስሜም ያለበት ነው። ቴክሳስ ግን ሜዲኬይድን እንኳን አላሰፋም፣ እዚህ ይሄን ማሰብ ሩቅ ነው።

ከቦሌ_ሚካኤል (አዲስ አበባ)
ከሩቅ ሆኜ ሳነብ ነበር። አንዳንዱ ሰው በግል መልእክት "ወላጆቻችንን ወደ አገር ቤት ብንመልሳቸው አይሻልም ወይ፣ ሰራተኛ ቀጥረን" ብሎ ጠየቀኝ። ጤነኛ ከሆኑና ቤት ካላቸው ደስ ይላቸዋል፣ ፀሐይ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ቤተክርስቲያኑ በእግር ነው። ግን ዲሜንሺያ ላለበት ሰው የሰለጠነ ተንከባካቢ ማግኘት እዚህም ከባድ ነው፣ ሰራተኛም እንደድሮው አይገኝም። እዚህ ጡረታ ያለው በመንግስት ወይ በድርጅት የሰራ ሰው ነው፣ ሰራተኛው 7 አሰሪው 11 ከመቶ ይከፍላል፣ በ60 ይወጣል፣ የሚያገኛትን ግን ኑሮው ውድነት በልቷታል። ማንም የሌለው አዛውንት እንደ መቄዶንያ ያሉ ቦታዎች ናቸው የሚያነሱት፣ በሕዝብ መዋጮ። ስለዚህ ላኩልን ከማለታችሁ በፊት ማን ይይዛቸዋል የሚለውን ጨርሱ።

የ82ቱ_ስደተኛ
ይሄ ልጅ የተናገረው እውነት ነው። በዚሁ አጋጣሚ ለሚሄዱት አንድ ነገር ላስታውስ። ጡረታ ያለው ሲቲዝን አገር ቤት ሆኖም ይከፈለዋል፣ ኤስ ኤስ አይ ያለው ግን 30 ቀን በተከታታይ ከአሜሪካ ውጪ ከቆየ ይቋረጥበታል፣ ሲመለስም 30 ቀን እዚህ መቀመጥ አለበት እንደገና ለመጀመር። ለገና ሄደው ጥምቀትን አክብረው ትንሽ ልቆይ ያሉ ወዳጆቼ ተመልሰው ሲመጡ የቤት ኪራይ አጥተዋል። የወሰዱትንም መልሱ ተብለዋል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩ።

ኬዝ_ወርከሯ
ጋሼ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው ያነሱት፣ እናመሰግናለን። እኔም በዚሁ ልጨምር። የኤስ ኤስ አይ የንብረት ጣሪያ ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር ነው፣ ከ1989 ወዲህ አልተነካም፣ ያኔ 2,000 ምን ይገዛ እንደነበር አስቡት። አንድ እናት እቁብ ደረሳቸውና ባንክ አስገቡት፣ የገዛ ቁጠባቸው እኮ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ከጣሪያ አልፏል ተብለው ቆመባቸው፣ ተመላሽ ይክፈሉ የሚል ደብዳቤም መጣ። የእቁብና የእድር ገንዘብ በወላጆቻችሁ አካውንት አታሳልፉ።

ሁለተኛ፣ ፖስታውን ክፈቱ። ሜዲኬይድ የሚጠፋበት ትልቁ ምክንያት መልስ ያልተሰጠው የእድሳት ደብዳቤ ነው። በሜዲኬይድ ማስፋፊያው ውስጥ ላሉት ከ65 በታች ሰዎች እድሳቱ ከ2026 መጨረሻ በኋላ በየስድስት ወሩ ይሆናል፣ ለወንድም እህቶቻችሁ ንገሩ። አድራሻ ስትቀይሩ አሳውቁ። ስልክ ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ብላችሁ ጠይቁ፣ በነፃ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፣ ልጅ በትምህርት ቤት ሰዓት ለአያቱ ማስተርጎም የለበትም። ሰዓት ሲቀንሱባችሁ ይግባኝ በሉ፣ በደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ ካመለከታችሁ ውሳኔው እስኪመጣ የነበረው ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። ማታ_ሺፍት የእናትሽን ይግባኝ ብለሻል? 40 ወደ 25 ሲወርድ ምክንያቱን በደብዳቤው ላይ መግለፅ አለባቸው፣ ሌሊት የምታደርገውን ሁሉ በቀንና በሰዓት ፅፈሽ ለሀኪሟ ስጪ።

ማታ_ሺፍት
ብያለሁ፣ ቀጠሮው ገና ነው። ማስታወሻውን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፣ ተባረኪ እህቴ።

ሌላው ደግሞ፣ ሜሪላንድ ያላችሁ፣ የስቴቱ ምክር ቤት አናፖሊስ በየዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 90 ቀን ነው የሚሰበሰበው፣ የሆም ኬር በጀት የሚወሰነው እዛ ነው። ሕዝብ የሚናገርበት ቀን አለ፣ በኦንላይን ተመዝግቦ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል፣ በፅሁፍም ማስገባት ይቻላል። ሌላው ማኅበረሰብ አዛውንቶቹን በዊልቸር ይዞ ነው የሚመጣው፣ የኛን ሰው እዛ አይቼ አላውቅም። እኔ ለመሄድ አስቤያለሁ። መኪናዬ ውስጥ ሶስት ቦታ አለ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትነሱ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ።

አገር_አቋራጭ
በስራ ግዴታው ሃሳቤን አልቀየርኩም። ግን 9 ሺህ የሚያወጣውን ነርሲንግ ሆም ግዴታ አድርጎ ርካሹን የቤት እንክብካቤ መቁረጥ እንደ ነጋዴም ካየኸው ኪሳራ ነው፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ቨርጂኒያ ላለው የኔ ዴሊጌት (የስቴቱ ምክር ቤት ተወካይ) ይሄንኑ እፅፍለታለሁ። ምን ብዬ እንደምፅፍ የሚያውቅ ካለ ረቂቁን ይላክልኝ።

የ82ቱ_ስደተኛ
ልጄ ሁለቱን ቦታ ለኔና ለባለቤቴ ያዢልን። እንናገራለን።

ማታ_ሺፍት
ጋሼ ተይዟል። ቀኑ ሲወጣ እደውልልዎታለሁ።

አዲስ_አባል_ነኝ (ጆርጂያ)
ይቅርታ ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ አንድ ጥያቄ ለኬዝ ወርከሯ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ግሪን ካርድ ከያዘች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ፉድ ስታምፕ ላይ አሁን የስራ ግዴታው እስከ 64 ዓመት ወጥቷል ብለው ደብዳቤ ላኩልን። እኛ ስራ ስንውል ልጆቼን የምትይዘው እሷ ናት፣ 5 እና 9 ዓመታቸው ነው፣ ስኳርም አለባት። ስራ ፈልጊ ይሏታል ማለት ነው?

ኬዝ_ወርከሯ
አዎ በፊት እስከ 54 ነበር፣ በአዲሱ ሕግ እስከ 64 ሆኗል። ግን ከ14 ዓመት በታች ልጅ የሚንከባከብ የቤተሰቡ አባል ነፃ ነው፣ ልጆቹ ከእሷ ጋር በአንድ ኬዝ ላይ መሆናቸውን ግን አረጋግጪ፣ ለብቻዋ ከተመዘገበች ያ አይሰራላትም። ስኳሩ መስራት የሚከለክላት ከሆነ ከሀኪሟ ደብዳቤ አስፅፊና እሱን አያይዢ፣ ያም ለብቻው ነፃ ያደርጋታል። የስፖንሰሩ ገቢም ሊታይ ስለሚችል አይ-864ቱን ማን እንደፈረመ ይዘሽ ቅረቢ። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ስንት ነው የሚለው?

አዲስ_አባል_ነኝ
የፊታችን ዓርብ ነው።

ኬዝ_ወርከሯ
እንግዲያው ነገ ጠዋት ደውዪ፣ እስከ ዓርብ አትጠብቂ። የሀኪሙ ደብዳቤ ባይደርስልሽም የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት አስገቢና ቀሪው ይከተላል ብለሽ አስመዝግቢ፣ ያነጋገረሽን ሰው ስምና ሰዓቱን ፃፊው።